ከለገሃር ፒያሳ የሚያወጣ ብስክሌት

መሀል አዲስ አበባ ለብስክሌት ሁለት ጠባይ አለው። ከሜክሲኮ በለገሃርና በስታዲየም በኩል እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ ያለው መንገድ እግርን ብዙም አያስጨንቅም። ከለገሃር ፊታችሁን ወደ ሰሜን ካዞራችሁ ግን መንገዱ በብሔራዊ ቴአትርና በጥቁር አንበሳ በኩል እየተነሣ ይሄዳል፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለችው ዳገት ደግሞ ብስክሌቱንም ነጂውንም ትፈትናለች። ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ከፍል ውሃ ወደ አራት ኪሎም ዳገት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ቶሎ የሚያጥረውም ለዚህ ነው።

ብስክሌት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ለስላሳ መቀመጫና አሞርዛተር (መንገጫገጭን የሚያለዝብ ሞላ) ያለው ሹካ (የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ክፍል) ነው። በእኛ መንገድ ላይ ሰውነትን የሚያሳርፉት ግን ሌሎች ናቸው፦ ዳገት የሚያወጣ ቀላል ማርሽ፣ ሰፋ ያለ ጎማ፣ ለቁመታችሁ ልክ የሆነ ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል)። እነዚህ ከተሟሉ ተራ መቀመጫም ይበቃል። ካልተሟሉ ምንም ዓይነት ሞላ አያድናችሁም።

ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚስማማው ሃይብሪድ የሚባለው ብስክሌት ነው፤ በእሽቅድምድሙና በተራራው ብስክሌት መካከል ያለ ነው። መሪው ቀጥ ያለ ነው፤ ወገብ ብዙ ሳይጎነበስ ያስቀምጣል። ቸርኬው እንደ እሽቅድምድሙ ትልቅና ቀላል ሲሆን ጎማው ግን ወፈር ይላል። የእሽቅድምድም ብስክሌት 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማው አስፋልት ላይ ይበራል፤ ወደ ሰፈር ታጥፋችሁ ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ ግን እጃችሁን ያደነዝዛል። ባለ ጥርስ ጎማው የተራራ ብስክሌት ደግሞ አስፋልቱ ላይ እየጮኸ ጉልበታችሁን ይበላል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ለብስክሌት የተለየ መስመር የተሠራላቸው ጎዳናዎች አሉ፤ እነሱ ላይ የትኛውም ብስክሌት ይሄዳል። ምርጫው የሚለየው መስመሩ ሲያልቅና ወደ ቤት የሚያስገባው መንገድ ሲጀምር ነው።

እንግዲህ ከማርሹ እንነሣ። ሻጭ «ባለ 21 ማርሽ ነው» ሲላችሁ ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ባለጥርስ ክቦች አሉ ማለቱ ነው። 3 በ7 ሲባዛ 21 ይሆናል፤ ብዙዎቹ ግን እርስ በርስ የሚደራረቡ ስለሆኑ ቁጥሩ ስለ ዳገት ምንም አይነግራችሁም። መጠየቅ ያለባችሁ የፊቱ ትንሹ ክብና የኋላው ትልቁ ክብ ስንት ስንት ጥርስ እንዳላቸው ነው። ብዙውን ጊዜ ክቡ ጎን ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ካልተቀረጸ ቁጠሩት። የፊቱን ለኋላው አካፍሉ። መልሱ 1 ወይም ከ1 በታች ከሆነ ያ ብስክሌት ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደውን ዳገት ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ ያወጣችኋል።

በቁጥር እንየው። ፊቱ 28፣ ኋላው 32 ጥርስ ቢሆን 0.875 ይመጣል። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የ700ሲ (የሃይብሪድ የተለመደ መጠን) ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.2 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር 1.9 ሜትር ትራመዳላችሁ። ዳገቱን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብትወጡት እግራችሁ በደቂቃ 69 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ይህ ለጉልበትም ለትንፋሽም የሚስማማ ነው። ፊቱ 42፣ ኋላው 28 ብቻ የሆነ ብስክሌት በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 40 ዙር ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ርግጫ የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ሸክም ይሆናል፤ ሰውየውም ከመቀመጫው ተነሥቶ ብስክሌቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በሚኒባስ መካከል ይሄዳል። አደገኛው ነገር ይሄ ነው፤ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ የማይችል ብስክሌት ለከተማ አይሆንም።

አሁን አሁን ከፊት አንድ ክብ ብቻ ያላቸው ሃይብሪዶችም ይመጣሉ። ፊቱ 38፣ ኋላው እስከ 42 የሚደርስ ከሆነ 0.9 ስለሚሆን ዳገቱን አይፈራም፤ የሚበላሽ ነገርም ይቀንሳል። እኛ ግን አዲስ አበባ ላይ የምንመርጠው የድሮውን ባለ 3 በ7 ወይም ባለ 3 በ8 ነው። ከኋላ ባለ 6፣ ባለ 7ና ባለ 8 የሆኑት አንድ ዓይነት ካቴና (ሰንሰለት) ስለሚጠቀሙ፣ ሲያልቅ የሚቀየር ማግኘት ይቀላል፤ ባለ 10 እና ባለ 11 የሆኑት ጠበብ ያለ፣ ውድ ካቴና ይፈልጋሉ።

እዚሁ ላይ አንድ የማይታይ ነገር አለ። በርካሽ ብስክሌት ላይ የኋላዎቹ ክቦች በአንድ ላይ ሆነው ሞዞው (የቸርኬው እምብርት) ላይ ተጠምዝዘው የሚገቡ ናቸው። ይህ አሠራር የቀኙን ኩሽኔታ ከዘንጉ ጫፍ ወደ ውስጥ አርቆ ስለሚያስቀምጠው ዘንጉ ደጋፊ ያጣል፤ ጉድጓድና ጉብታ እየደጋገመው ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ክቦቹ ሞዞው ላይ ተሰክተው የሚገቡበት፣ ካሴት የሚባለው ዓይነት ግን ኩሽኔታውን ወደ ጫፍ ስለሚያወጣው ይህ ችግር የለበትም። ክብደታችሁ ከ85 ኪሎ በላይ ከሆነ ወይም ከኋላ ልጅ የምትጭኑ ከሆነ ካሴት ያለውን ፈልጉ።

ወደ ጎማ እንምጣ፤ ገንዘብና ትኩረት የሚገባው እዚህ ነው። ጎማው ጎን ላይ እንደ 40-622 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ስፍራ ዲያሜትር ነው። 622 ማለት 700ሲ ነው፤ በገበያ 28 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ሃይብሪድም፣ 29 ኢንች የሚባለው የተራራ ብስክሌትም ቸርኬያቸው ይኸው 622 ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የ28 ካላማዳሪ (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ) ስታጡ ለቀጭን የ29 ጎማ የተሠራው ለ45 ሚሊ ሜትር ጎማ ይሆናችኋል። በ26 ኢንቹ ግን አትሞክሩት።

ለመሀል ከተማ 40 ወይም 42 ሚሊ ሜትር በጣም ጥሩ ነው። ከ35 በታች ኮብልስቶኑ ያሠቃያል። ከመግዛታችሁ በፊት በጎማውና በሹካው፣ በጎማውና በቴላዮው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፤ ፓራፋንጎ (ጭቃ መከላከያ) የሚገባበት ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ቦታ ከላይ ሊኖር ይገባል። የጎማው ፊት መሀሉ ለስላሳ፣ ጎኑ ላይ ቀለል ያለ ጭረት ያለው ይሁን። ከውስጥ መበሳት የሚከላከል ሽፋን ያለው ከሆነ ክብደቱ ቢጨምርም ውሰዱት፤ ግንባታ ባለበት ከተማ ሚስማርና ሽቦ ከመንገድ አይጠፋም።

አየሩን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል ያስነፋዋል። ያኔ የጎማው ስፋት ምንም ጥቅም አይሰጥም። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከፊት 43፣ ከኋላ 50 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይበቃል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ ግን አትውጡ። በጣም ሲያንስም ሌላ ችግር ይመጣል፦ የጉድጓድ አፍ ስትመቱ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ቀዳዳውን ስታዩ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ሁለት ጎን ለጎን ከሆነ አየር አንሷል፤ አንድ ሆኖ በመንገዱ በኩል ከሆነ ሚስማር ወይም ጠርሙስ ነው፤ ጎማውን ከውስጥ በጣት ቀስ ብላችሁ ፈትሹና የቀረውን ስባሪ ሳታወጡ አዲስ አታስገቡ። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ራስ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ እሱን ሳታስተካክሉ መለጠፍ ድካም ብቻ ነው።

ቫልቩንም እዩ። ቀጭኑ፣ ራሱ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ፕሬስታ ይባላል፤ ወፍራሙ እንደ መኪና ጎማ ያለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ጎሚስታ ስላለ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው ቢሆን ይሻላል። ብስክሌቱ ፕሬስታ ከሆነ ከመኪና ዓይነት መንፊያ ጋር የምታስማማውን ትንሽ የነሐስ ማስተላለፊያ ገዝታችሁ ቫልቩ ላይ ትታችኋት ሂዱ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለመኪና የተሠራ ኃይለኛ ነው፤ የብስክሌት ካላማዳሪ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ልኩን ያልፋል። «ትንሽ ትንሽ እየቆረጥክ ስጠው» በሉት፤ በየመሀሉም በጌጅ ይለካ።

አሞርዛተር ያለውን ሹካ አንመክርም። በመካከለኛ ዋጋ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው ሹካ ውስጡ ጥቅልል ሞላ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ይበልጣል፤ ሞላ የሌለው ቀጥ ያለ ሹካ ግን ከዚያ በጣም ይቀላል። ዳገት ላይ ስትረግጡ ከጉልበታችሁ ከፊሉን ሞላው ይበላዋል። ክረምት ሲገባ ጭቃና ውሃ በላስቲኩ ሥር ይሰርግና ዝገት ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ክብደትና በዚያ ገንዘብ ፈንታ ጥሩ 42 ሚሊ ሜትር ጎማ ኮብልስቶኑን በተሻለ ያለዝበዋል። ግድ አሞርዛተር ያለው ከሆነ ያገኛችሁት፣ ዳገት ላይ የሚቆለፍበት መዝጊያ ያለውን ምረጡ።

ፍሬን ላይ ምርጫው የሚወሰነው በምትወርዱት መንገድ ነው። በየቀኑ ከፒያሳ ለገሃር የሚወርድ ሰውና ከሜክሲኮ ቦሌ የሚመላለስ ሰው እኩል ፍሬን አያስፈልጋቸውም። ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ፍሬን ቀላል፣ ርካሽ፣ በማንም መካኒክ እጅ የሚስተካከል ነው። ጉድለቱ ዝናብ ላይ ይታያል፦ ቸርኬው ሲረጥብ መጀመሪያ ውሃውን እስኪጠርግ ድረስ አይይዝም፤ አሸዋ ያዘለ ውሃ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ግድግዳ እየፋቀ ያቀጥነዋል። ግድግዳው በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ሊፈነዳ ስለሚችል ይቀየር። ቁልቁለት የሚበዛበት ሰው ዲስክ ፍሬን ይግዛ። በሽቦ የሚሠራው ዲስክ ለእኛ መካከለኛው መንገድ ነው፤ ሽቦው በየትም ይገኛል፣ ሸራው ሲሳሳ በብሎን ይጠጋል። በዘይት የሚሠራው አያያዙ ከሁሉ የተሻለና በአንድ ጣት የሚታዘዝ ነው፤ ግን ሲያፈስ የራሱን ዘይት ይፈልጋል። ሺማኖ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው የማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀሙት፤ በዚያ ፈንታ የመኪና ፍሬን ዘይት የተሞላበት እንደሆነ ውስጡ ያሉት ላስቲኮች ያብጡና ይበላሻሉ። ስለዚህ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራላችሁ ሰው ዘይቱን የሚያውቀው መሆኑን ጠይቁ።

የትኛው እጀታ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ ከሻጩ ደጅ ሳትወጡ ሞክሩ፤ እንደመጣበት አገር ይለያያልና።

ልክን በተመለከተ፣ ቁመታቸው ከ155 እስከ 165 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ፣ ከ165 እስከ 175 መካከለኛው፣ ከ175 እስከ 185 ትልቁ ይሆናቸዋል። ይህ ግምት ነው፤ ማረጋገጫው ላዩ ላይ መቆም ነው። ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ የላዩን ብረት በሁለት እግራችሁ መካከል አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሊተርፍ ይገባል። በየመብራቱና በየታክሲው የምትቆሙ ስለሆነ ይህ ክፍተት ከሌለ አንድ ቀን ያስከፍላል። ቀሚስ ለብሳ ወይም ነጠላ ደርባ የምትነዳ ሴት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባትም ቢሆኑ፣ መሀሉ ዝቅ ያለውን ቴላዮ ቢመርጡ ለመውጣትም ለመውረድም ይቀላል። ይህ የሴት ብቻ ነው የሚባለውን አትስሙ።

የመቀመጫው ከፍታ ሲስተካከል ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱት፤ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደ ወጉ በጣት ሥር ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል። በመለኪያ የሚፈልግ ሰው የእግሩን የውስጥ ርዝመት ከብሽሽት እስከ መሬት ለክቶ በ0.883 ያባዛው፤ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ከፔዳሉ ማዞሪያ መሀል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ነው። ዝቅ አድርጎ መንዳት ጀማሪን ያደፋፍራል፤ ሲለመድ ግን የጉልበቱ ፊት መታመም ይጀምራል። መቀመጫውን የተሸከመው ቧንቧ ላይ የተሰመረችው ምልክት ከቴላዮው በላይ ከታየች ብስክሌቱ ያንሳችኋል፤ በዚያ ሁኔታ መንዳት ቴላዮውን ይሰነጥቃል።

መሪው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ወገብን ያሳርፋል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ የሰፋው በቆሙ መኪኖች መካከል አያሳልፍም፤ በመጋዝ ከሁለቱም ጎን እኩል ይቆረጣል።

ለስላሳ መቀመጫ የሚያታልለው ሱቅ ውስጥ ነው። በጣም ሲለሰልስ የመቀመጫ አጥንቶቻችሁ ይሰምጡና ክብደቱ መሀል ያለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ያርፋል፤ መደንዘዙም ከዚያ ይመጣል። ጠንከር ያለና ስፋቱ ልክ የሆነው ይሻላል። ስፋቱን ለማወቅ ካርቶን ጠንካራ አግዳሚ ላይ አንጥፋችሁ ተቀመጡበት፤ እግራችሁን ትንሽ አንሡ። ሲነሡ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል ያለውን ለኩና 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ እየተንሸራተታችሁ ክብደታችሁን እጅ ላይ ትጥላላችሁ፤ ጠፍጣፋ ይሁን።

ፓራፋንጎ ከሰኔ እስከ መስከረም ግዴታ ነው። የኋላ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ ቴላዮው ላይ መኖሩን እዩ፤ ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ ዳገት ላይ ያልባል። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ስለሚጨልም ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑራችሁ። ቸርኬዎቹና መቀመጫው ያለ ቁልፍ በእጅ የሚፈቱ ከሆኑ በብሎን ለውጧቸው፤ ጥበቃ ባለበት ሕንፃ ሥር እንኳ መቀመጫ ብቻውን ይጠፋል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በቀለሙ አትያዙ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር «ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን አወዛውዙት፤ ላልቶ መነቃነቅ የለበትም። ቸርኬውን አዙራችሁ ከፍሬኑ ጋር ያለው ክፍተት የማይለዋወጥ መሆኑን ተመልከቱ። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩ፤ 12 ጥንድ መያያዣ አዲስ ሲሆን 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከ30.6 ካለፈ ይቀየር፤ 30.8 ከደረሰ የኋላ ክቦቹንም በልቷቸዋልና ዋጋው ላይ ቀንሱ። በመጨረሻ መሪው ከቴላዮው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከሥሩ አይታችሁ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የቀለም ስንጥቅ ብታገኙ ትታችሁት ሂዱ። አሉሚኒየም ተበየደ ተብሎ አይታመንም።

አዲሱም ቢሆን በካርቶን መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም ነው፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ ከግጥሚያው ይነሣል። ሹካው ወደ ኋላ ዞሮ የተገጠመ ብስክሌት ያጋጥማል፤ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው የፊት ፍሬን ከሹካው ኋላ ሆኖ ካያችሁት ያ ነው። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህን ሳያውቅ በግድ ያስገባ ሰው የክንዱን ጥርስ ይልጠዋል። ፔዳሉ ሲገባ ግሪስ ይቀባ፤ መጀመሪያ በእጅ ይጀመር።

ካቴናው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስሱ። ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ካቴናውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በየመያያዣው አንድ ጠብታ ንጹሕ ቀጭን ዘይት አድርጋችሁ ትርፉን ጥረጉ። ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ላይ ዘይት ዲስኩን ከነካ ሸራው ይጮኻል፣ መያዙንም ያቆማል።

ከተገዛ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማርሽና የፍሬን ሽቦዎች ስለሚላሉ፣ የቸርኬ ሽቦዎችም ቦታቸውን ስለሚይዙ እንደገና ይጥበቁ። ከሁሉ በላይ የግራው የፔዳል ክንድ ይታይ። አዲስ ብስክሌት ላይ መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው። በምትረግጡበት ጊዜ በየዙሩ አንድ ጊዜ ድምፅ ከሰማችሁ ወይም እግራችሁ ሥር መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ፣ ውረዱና በቁልፍ አጥብቁት። ቁልፍ ከሌላችሁ እየገፋችሁ ሂዱ። ዘንጉ ብረት፣ ክንዱ አሉሚኒየም ስለሆነ ላልቶ ሲነዳ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋል፤ አንዴ ከሰፋ ደግሞ ምንም ያህል ቢጠብቅ ተመልሶ ስለሚላላ ክንዱን መቀየር ግድ ነው።